የተፋቀው ማኅተም

ኔቪል ሃዝላም ከእናቱ ማህፀን የወጣው የዘፈን ሸክላ በብብቱ ሸሽጎ ነው እያሉ የሚያሾፉበት ሰዎች በእንግሊዝ አገር በአክሪንግተን ከተማ ነበሩ። ሐሜት ነው። እንደ ማንኛውም ልጅ ባዶ እጁን ነው የተወለደው። ሸሻጊ ያደረገው ሙያው ነው፤ ሙያው ደግሞ ዲጄነት ነበር።

በዚያን ጊዜ በላንካሺር የጨርቃጨርቅ ከተሞች ወጣቱ የሚጨፍረው ከዐሥር ዓመት በፊት አሜሪካ ውስጥ ተቀድተው፣ በገዛ አገራቸው ሰሚ አጥተው በቀሩ የጥቁሮች ዘፈኖች ነበር። ዘፋኙ ተረስቷል፣ አሳታሚው ከስሯል፣ ሸክላው በየመጋዘኑ አቧራ ይጠጣል። ዲጄ ማለት እንግዲህ ያንን አቧራ አራግፎ፣ ማንም ያልሰማውን ዘፈን አግኝቶ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ የሰውን እግር ከመሬት የሚያነሳ ሰው ነው። በየሱቁ የሚሸጠውን ሸክላማ ማን ማጫወት ያቅተዋል? ስለዚህ ብርቅ ሸክላ የገጠመው ሰው መሐሉ ላይ የተለጠፈውን ክብ ወረቀት በእንፋሎት ያላቅቅና በቦታው ሌላ ወረቀት ለጥፎ የፈጠራ ስም ይጽፍበታል። ከማጫወቻው አጠገብ አንገታቸውን እያሰገጉ የሚቆሙ ተፎካካሪዎች እውነተኛውን ስም አንብበው ሌላ እንዳያፈላልጉ ነው። "መሸፈን" ይሉታል። እንደ ውሸት የሚቆጥረው አልነበረም፤ ባለሙያ ወጥ ሠሪ ቅመሟን ብትደብቅ ማን ይፈርድባታል?

ነውሩ ሌላ ነው፤ ነውሩ ፎርጅድ ማጫወት ነው። አንድ ብርቅ ሸክላ በዳንሰኛው ዘንድ ሲወደድ ጠብቀው፣ ከአንዱ ላይ ገልብጠው በገፍ እያተሙ የሚቸበችቡ ሰዎች ነበሩ። የእነሱን ሥራ ያጫወተ ዲጄ ማንም አይሰድበውም፣ ማንም ጠርሙስ አይወረውርበትም። ዳንሰኛው ዝም ብሎ ከወለሉ ይወርድና ግድግዳውን ተደግፎ እጁን ያጣጥፋል። ከዚያ ወዲያ ያን ሰው ለአክስቱ ልጅ ሠርግ ካልሆነ በቀር የሚጠራው የለም።

ኔቪል ቀን ቀን የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ይሠራ ስለነበር ጥፍሩ ዓመቱን ሙሉ ሰማያዊ ነው። ከሥራ ሲወጣ ጓደኞቹ ወደ ቢራቸው ሲሄዱ እሱ ወደ አሮጌ ዕቃ ሻጭ፣ ወደ መጋዘን፣ ወደ ሊቨርፑል ወደብ ይሄዳል። ቅዳሜን ሙሉ ተንበርክኮ ሸክላ ሲያገላብጥ ውሎ ባዶ እጁን ይመለሳል። ያገኘ ቀን ደግሞ ዘፈኑን እስኪያልቅ እየሰማ፣ እንደገና እየመለሰ፣ ከየትኛው ዘፈን በኋላ ቢገባ ዳንሰኛው ትንፋሽ እንደሚያገኝ፣ የትኛው ቢቀድመው እንደሚደበዝዝ ያጠናል። ከሌላ ዲጄ አንድ ዘፈን ተውሶ አያውቅም። እንዲያውም እሱ ያስለመደውን ዘፈን ሌላ ቦታ ሲጫወት ከሰማ ከሳጥኑ አውጥቶ ይጥለዋል። ሌላው ካጫወተው እኔ ምን ልሠራ ቆሜአለሁ ይላል። ሚስቱ ግሌኒስ ይህ ኩራት ነው ትለዋለች፤ እሱ ሙያ ነው ይላታል። ሁለቱም ልክ ነበሩ።

ስሙን ያስጠራውን ሸክላ ያገኘው ፕሬስተን አጠገብ ካለ የዶሮ አርቢ ጎተራ ውስጥ ነው። ሰውየው ከከሰረ ሱቅ በጅምላ የገዛውን ሸክላ በካርቶን ከምሮት ዶሮዎቹ ሰፍረውበት ነበር። ኔቪል ኩሱን እየጠረገ ሲያገላብጥ ሰምቷት የማያውቃት ዘፋኝ እጁ ገባች፤ ወረቀቱ ላይ ኦዴሳ ታልበርት ይላል። ቤቱ ወስዶ መርፌውን ሲያሳርፍባት ግሌኒስ ድንች ትልጥ ነበር፤ ቢላዋውን እንደያዘች ወጥ ቤቱ መሐል ትሽከረከር ጀመር። ሴትየዋ የምትዘፍነው ባሏ ጥሏት ስለሄደበት ቀን ነው፣ ዜማው ግን የሠርግ ዜማ ነው። አንጀት እየበላ እግር የሚያስነሳ ዘፈን ነበር።

የኦዴሳ ታልበርት ስም በእንፋሎት ተነስቶ በቦታው "ዴላ ፍሮስት" የሚል የፈጠራ ስም ተለጠፈ። የተላቀቀውን ወረቀት ምድጃ ውስጥ ጨመረው። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። ኔቪል ግን ዘፈኑ ካለቀ በኋላ፣ ወረቀቱ ጋ ሳይደርስ ባለው ባዶ ቀለበት ላይ፣ ፋብሪካው በማኅተም የመታት ቁጥር አየ። ጥቃቅን ናት፤ ቢሆንም ዓይን ያለው ሰው አንብቦ አሜሪካ ቢያጠያይቅ ዘፋኟ ላይ ሊደርስ ይችላል። አንድ እሁድ ማለዳ ግሌኒስ ካልሲ የምትጠግንበትን መርፌ አቀበለችው፣ መብራቱን አቅርባ ያዘችለት፤ እሱም ትንፋሹን ውጦ ቁጥሯን ፍቆ ፍቆ አጠፋት። "እንግዲህ ማን መሆኗን የምናውቀው እኔና አንቺ ነን" አላት፣ መርፌውን ሲመልስላት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይኼ ነው፤ ያን ቀን ግን ሁለቱም እንደ ብልህነት ነበር የቆጠሩት።

ሁለት ዓመት ሙሉ ዴላ ፍሮስት የኔቪል ብቻ ሆነች። እሱ ወደሚያጫውትበት አዳራሽ ከበርንሊ፣ ከሮችዴል፣ ከሊ በአውቶቡስ የሚመጡ ነበሩ፤ ፎጣቸውንና ቅያሪ ሸሚዛቸውን በቦርሳ ይዘው፣ እግራቸው እንዲንሸራተት ወለሉ ላይ የሕፃን ፓውደር ነስንሰው፣ ያችን ዘፈን ይጠብቃሉ። ሸክላውን ልይ ያለውን ሁሉ ኔቪል በደረቱ ይመልሰዋል። ማጫወቻው ላይ እያለች እንኳ ክንዱን ጋርዶባት ነው የሚቆመው። ወዳጆቹ "ሚስትህንስ እንዲህ ጠብቀሃታል?" እያሉ ይቀልዱበታል።

በሦስተኛው ዓመት መኸር ላይ ቦልተን ያለው የአልቢዮን አዳራሽ ጠራው። አልቢዮን የትልልቆቹ ቦታ ነው። የአዳራሹ ባለቤት ሚስስ ታተርሶል የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴትዮ ነበሩ፤ ሲጨፍሩ ታይተው አይታወቁም፣ ግን አንድ ዲጄ ምን ያህል እንደሚያወጣ ከወለሉ ኮቴ ብቻ ያውቃሉ። አዳራሹ አንድ ሕግ ብቻ ነበረው፤ ፎርጅድ አይገባም። ኔቪልን አንድ እሁድ ይሞክሩታል፤ ወለሉ ከሞላ እሁድ ሁሉ የሱ ይሆናል። ያ ማለት ማቅለሚያ ፋብሪካውን ተሰናብቶ በሚወደው ሙያ ማደር ማለት ነው። ግሌኒስ ከዚያ ቀን ጀምራ ጥፍሩን በሎሚ ታሽለት ጀመር። ለእሁዱ የምታጸዳለት ለራሷ ደስታ ይሁን ለሱ ክብር አልተናገረችም፣ ፊቷ ግን በርቶ ነበር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። በየገበያው ጠረጴዛ ላይ የኦዴሳ ታልበርት ፎርጅድ መሸጥ ከጀመረ ሰንብቶ ኖሮ፣ ኔቪል የሰማው መጨረሻ ላይ ነው። ነገሩን ይዛ የመጣችው ግሌኒስ ናት፤ ከፀጉር ቤት ነው የሰማችው። ከነኮቷ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ምን ሆነሻል አላት።

"ስሟን አወጡት" አለችው።

"የማንን ስም?"

"የሷን። ኦዴሳን። ፎርጅዱ ወጥቷል አሉ፣ ከነስሟ። የፀጉር ሠሪዋ የሊንዳ ልጅ ገዝቶ ቤታቸው እያጫወተው ነው።"

ኔቪል ቁጭ አለ። ከሆነስ ሆነ፣ ያኔ አንድ ሰው አሜሪካ ሌላ አግኝቷል ማለት ነው፣ የሷ ነገር አበቃ፣ ሌላ እፈልጋለሁ አላት። እንዲህ ያለው ለማጽናናት ነው፤ ፊቱ ግን አመድ መስሏል።

"እሱ አይደለም ያስጨነቀኝ" አለች ግሌኒስ። "የመጀመሪያው ፎርጅድ ያንተ ነው እያሉ ነው። ከአታሚዎቹ ጋር ተሻርከህ፣ እነሱ አንዱን አስቀድመው ሰጥተውህ፣ አንተ ሁለት ዓመት ስታስለምድላቸው ኖረህ፣ ሰዉ ሲያብድላት አሁን አወጧት እያሉ ነው። ሸክላውን ለማንም የማያሳየው ለዚህ ኖሯል አሉ።"

እንዲህ ያለውን ሥራ የሠሩ ሌሎች ዲጄዎች ከዚህ በፊት ነበሩ፤ ወሬው ባዶ ቢሆንም እግር ነበረው። ኔቪል በመጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ሸክላውን ከሳጥኑ አውጥቶ ወደ መብራቱ አዘነበለ። ፎርጅድ የሚያትሙ ሰዎች የፋብሪካውን ማኅተም መምታት ስለማይሆንላቸው ያን ባዶ ቀለበት ፋቅ ፋቅ አድርገው ነው የሚያልፉት። እውነተኛ ከፎርጅድ የሚለየው እዚያች ቦታ ላይ ነው። የኔቪል ሸክላ እዚያች ቦታ ላይ ፋቅ ፋቅ ተደርጓል፤ በገዛ እጁ፣ በገዛ ሚስቱ መርፌ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ።

እሁዱ ሲደርስ ቦልተን ዝናብ ነበረ። ኔቪልና ግሌኒስ ሳጥኑን ተጋግዘው አልቢዮን ሲገቡ ገና እኩለ ቀን ሳይሆን ሰው ሞልቷል። ሌላ ጊዜ ኔቪልን ሲያዩ የሚያቅፉት ልጆች በጭንቅላታቸው ብቻ ሰላም ብለው ሻያቸውን ይዘው ዞር አሉ። ሸክላ የሚሸጥበት ጠረጴዛ ዙሪያ ሰው ተሰብስቧል። መሐላቸው ከስቶክ የመጣው ዲጄ ጎርደን ክሌግ ቆሟል፤ አሜሪካ ካሉ ዘመዶቹ ዘንድ ከርሞ በዚያው ሰሞን የተመለሰ ነው። ጠረጴዛው ላይ የኦዴሳ ታልበርት እውነተኛ ሸክላ፣ ወረቀቱ ያልተነካ፣ ቁጥሩ በማኅተም የተመታ፣ ከጠዋት ጀምሮ ለሁሉም ይታያል። ጎርደን ሸፍኖ መያዝ ይችል ነበር። ፎርጅዱ ስሟን አንዴ ካወጣው ወዲያ ምኑን እሸፍነዋለሁ ብሎ ነው ግልጥልጥ አድርጎ ያስቀመጠው።

ሚስስ ታተርሶል ኔቪልን ወደ ጓዳቸው ጠሩት። ግሌኒስ ሳትጠራ ተከትላ ገባች። ጎርደንም ሸክላውን ይዞ መጣ፤ አምስተኛው ሚስተር ፒሊንግ ነበሩ። ሚስተር ፒሊንግ ሸክላ ሲሸጡና ሲገዙ ያረጁ ሰው ናቸው፤ እሳቸው እውነተኛ ነው ያሉትን ማንም አይከራከርም፣ ፎርጅድ ነው ያሉትን ማንም አይገዛም። ኔቪል ሲያያቸው ተስፋ አደረገ። የወዳጅነታቸውን ያህል ሳይሆን የእውቀታቸውን ያህል ነበር የተማመነባቸው።

"ሰው የሚለውን ሰምተሃል" አሉት ሚስስ ታተርሶል። "እኔ አላምንም፣ አልክድምም። አዳራሼ ግን ሕግ አለው። ስጣቸውና ይዩት።"

ኔቪል ለማንም ሰጥቶት የማያውቀውን ሸክላ ሰጣቸው። ሚስተር ፒሊንግ አጉሊ መነጽራቸውን አውጥተው አገላበጡት፤ በጥፍራቸው ዳሰሱት፣ መዘኑት፣ ጠርዙን አሸተቱት ማለት ይቻላል። ከጎርደን ሸክላ ጋር ጎን ለጎን አድርገው ደግመው አዩ። ክብደቱ የእውነተኛ ይመስላል አሉ፤ ግን የዘንድሮ ፎርጅድም ክብደቱን አሳምሮ ነው የሚሠራው። ከዚያ ባዶው ቀለበት ላይ ሲደርሱ አንገታቸውን አቀረቀሩ።

"ይኼን ማን ፋቀው?"

"እኔ ነኝ" አለ ኔቪል።

"በምን ምክንያት?"

"እንዳያነቡብኝ ነዋ። ወረቀቱን ሸፍኜ ቁጥሩን ብተወው ምን ዋጋ አለው? እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ፣ ዓይነ ስል ሰው በቁጥሩ ይደርስበታል ብለው የነገሩን?"

"ብያለሁ" አሉ ሚስተር ፒሊንግ። "ፋቁት ግን አላልኩም።"

ግሌኒስ አላስቻላትም። መብራቱን የያዝኩለት እኔ ነኝ አለች፤ መርፌውም የኔ ነው፣ ቁጥሩንም በዓይኔ አይቻለሁ አለች። ግን ሚስት ለባሏ ብትመሰክር ማን አዲስ ነገር ይለዋል? ያኔ ኔቪል አንድ ነገር ትዝ አለውና ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ አለ። ዓይኑን ጨፍኖ ፊደሉንም አኃዙንም አንድ ሳያዛንፍ ጠራው። ሚስተር ፒሊንግ የጎርደንን ሸክላ አዘንብለው እያነበቡ ተከተሉት። ልክ ነበር። ግሌኒስ የባሏን ክንድ ጨበጠች። ጓዳው ውስጥ ለጥቂት ጊዜ የሁሉም ፊት ፈታ አለ፤ ጎርደን እንኳ ፈገግ ብሎ ነበር።

ሚስስ ታተርሶል ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። "ልጄ፣ የጎርደን ሸክላ ከጠዋት ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ ነው። እኔ ራሴ አሁን ብትጠይቀኝ ቁጥሩን እነግርሃለሁ።"

"ዛሬ ወደ ጠረጴዛው አልተጠጋሁም!"

"አውቃለሁ። አላየሁህም። ሌላው ሰው ግን ምን ያውቃል?"

ኔቪል ወደ ሚስተር ፒሊንግ ዞረ። ሽማግሌው መነጽራቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ነበር። እኔ አምንሃለሁ አሉት። ሦስት ጊዜ ያህል አምንሃለሁ አሉት፤ ያየሁትን እንጂ ያላየሁትን ግን አልመሰክርም፣ አንተን ብዬ አንዴ ከዋሸሁ ነገ ቃሌን ማን ይቀበለዋል አሉ። ሊቆጣቸው ፈለገ፣ አልቻለም። እሱም በሳቸው ቦታ ቢሆን እንደዚያው ነበር የሚለው። ከሁሉ ክፉው ያ ነበር፤ የሚቆጡት ሰው ማጣት። ፎርጅዱን ያተመው ማን እንደሆነ አይታወቅ፣ ጎርደን አላጠፋ፣ ሴትዮዋ አልበደሉ፣ ሽማግሌው አልዋሹ። ጓዳው ውስጥ ጥፋት የሠራ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ሙያውን አክብሮ ነው ያጠፋው።

"አላባርርህም" አሉ ሚስስ ታተርሶል። "ተራህን አጫውት። ስለዚህች ሸክላ ግን አልመክርህም። ብታወጣት ይሸሹሃል። ብትተዋት ደግሞ አመነ ይላሉ። ሁለቱም ያንተ ነው።"

ተራው ሲደርስ ግሌኒስ ተወው አለችው። በጆሮው ነው የነገረችው፤ የቀሩት ሸክላዎችህ ይበቁሃል፣ ከነገሩ ጦም እደሩ አለችው። ኔቪል ማጫወቻዎቹ ኋላ ቆሞ የመጀመሪያውን መርፌ አሳረፈ፤ ሰዉም መጀመሪያ እያመነታ፣ ከዚያ በሙሉ ልቡ ወለሉ ላይ ወጣ። እንዲያ አሳምሮ አጫውቶ አያውቅም። ፈጣኑን ከፈጣን አገናኝቶ፣ ትንፋሻቸው ሊቋረጥ ሲል ቀዝቀዝ ያለ አስገብቶ፣ መልሶ አነሳቸው። ማንም ያልሰማቸውን ሁለት አዳዲስ ዘፈኖች አወጣ። ላብ የጠጣ ሸሚዝ የሚቀይሩ ነበሩ። ሚስስ ታተርሶል በሩ አጠገብ ቆመው ወለሉን ሳይሆን ጣራውን እያዩ ያዳምጣሉ፤ ሲደሰቱ እንዲያ ነው የሚያደርጉት ይባላል።

ዴላ ፍሮስት የምትመጣበት ቦታ ደረሰ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያ ዘፈን ቀጥሎ የምትመጣው እሷ ናት፤ ዳንሰኛው ያውቃታል፣ ቆሞ ይጠብቃታል። እጁ ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ሌላ ሸክላ ቢያወጣ የሚሉትን አወቀ፤ ሌባ ሲነቃበት ዕቃውን ደበቀ ይላሉ። ባይሸሹስ አለ በልቡ። ሁለት ዓመት አብረውኝ የጨፈሩ ሰዎች ናቸው፣ ዘፈኗን ሲሰሙ ምን እንደሆንኩ ትዝ ይላቸው ይሆናል አለ። ሸክላውን አወጣ። ክንዱን አልጋረደባትም።

ከበሮው እንደጀመረ አወቋት። ማንም አልጮኸ። ከፊት ያሉት ቆሙ፣ ተያዩ፣ ቦርሳቸውን አነሱ። ቀሪዎቹ ተከተሏቸው። ከበርንሊ የምትመጣ፣ ለዚያች ዘፈን ስትል የሥራ ተራዋን የምትለዋወጥ ልጅ ነበረች፤ እሷ ብቻ ጥቂት ቆየች። እግሯ ተንቀሳቀሰ፣ ዙሪያዋን አየች፣ ፊቷ ቀላ፤ እሷም ወረደች። ዘፈኑ ገና ሳይጋመስ ወለሉ ላይ የቀረ ነገር ፓውደሩና የጫማ ፋና ብቻ ነበር። ዙሪያውን ሰው ግድግዳ ተደግፎ እጁን አጣጥፏል።

ኔቪል መርፌውን ማንሳት ይችል ነበር። ግን የጀመረውን ዘፈን ያቋረጠ ዲጄ አያውቅም፣ እሱም ሊጀምር አልፈለገም። ሴትየዋ ባሏ ጥሏት የሄደበትን ቀን በባዶ አዳራሽ እስከ መጨረሻው ዘፈነችው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ለማደር ጊዜ ላለው ነው እንጂ፤ የኔቪል ተራ ከዚያ በኋላ ሁለት ዘፈን ብቻ ነበር የቀረው። ሁለቱንም አጫወተ፤ ወለሉ ላይ የወጡት በጣት የሚቆጠሩ፣ አዲስ መጥተው ነገሩን ያልሰሙ ልጆች ነበሩ።

ሳጥኑን ሲዘጋ ሚስስ ታተርሶል መጥተው ትከሻውን ያዙት። ከሳጥኑ ውስጥ አንዲቷን ቢተው ኖሮ ዛሬ የአዳራሹን ቁልፍ ይሰጡት እንደነበር ነገሩት፤ እሁዶቹ ለጎርደን እንደሆኑም ነገሩት። ይህን ሲናገሩ ዓይናቸውን አላሸሹም። ኔቪል አመሰገናቸው። ለምን እንዳመሰገናቸው ኋላ ላይ ግሌኒስ ብትጠይቀው ሌላ የሚባል ነገር ስላጣሁ ነው አላት።

ጎርደን ክሌግ ተራውን ሊጀምር ሲል ሸክላዎቹን ትቶ ወደነሱ መጣ። አፈረ፤ ትልቅ ሰው ሲያፍር እጁን የት እንደሚያደርገው ይጠፋዋል፣ እሱም ጠፍቶት ነበር።

"ከፈለግህ እተወዋለሁ" አለው። "ዛሬ እንኳ።"

"እሱን አጫውታለሁ ብለህ አይደለም የመጣኸው?"

"ብዬ ነው።"

"ታዲያ አጫውታ። ከቀዘቀዘው ቀጥለህ አስገባው፣ እነሱ የሚወዱት እንደዚያ ነው" አለ ኔቪል። ምክሩ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ለማን እንደሰጠው የታወቀው።

ጎርደን እንደተመከረው አደረገ። ቀዝቀዝ ያለውን ዘፈን አስቀድሞ፣ ከዚያ የኦዴሳ ታልበርትን ስም በድምጽ ማጉያው ጠርቶ መርፌውን አሳረፈ። ያው ከበሮ፣ ያው ፒያኖ፣ ያችው ሴት። ሰዉ ከግድግዳው ተላቆ ወለሉን አጥለቀለቀው። የበርንሊዋ ልጅ ከሁሉም ቀድማ ደረሰች። ጭብጨባውና ኮቴው ሲገናኝ የአዳራሹ መስኮት ይንቀጠቀጥ ነበር።

ግሌኒስ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሁለት እግሯን አቆላልፋ ይዛለች። ኔቪል ቁልቁል ሲያያት ጣቶቿ ጫማዋ ውስጥ ሲነሱና ሲወድቁ ታየው።

"ሂጂ" አላት።

"የት?"

"ጨፍሪያ።"

"አብደሃል? በሱ ሸክላ? ሞቼ ነው ቆሜ።"

"ዘፋኟ ምን በደለችሽ? ሂጂ እልሻለሁ። ቢያንስ ካንቺ ውስጥ ትውጣ።"

ግሌኒስ ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ ሞልቶ ነበር። ቦርሳዋን ሰጠችው፣ ሹራቧን አውልቃ ከላዩ ላይ ጣለችበትና ሄደች። ሰው መሐል ገብታ ጠፋች፤ አልፎ አልፎ ስትዞር ብቻ ፀጉሯ ይታየዋል። ኔቪል በአንድ እጁ ሳጥኑን፣ በሌላው የሚስቱን ቦርሳ ይዞ ግድግዳው ጋ ቆመ።

ከጎኑ አንዲት ለጋ ልጅ ጫማዋን እየቀየረች ነበር። በዚያ እሁድ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣች ናት፤ ማን መሆኑንም አታውቅ። በጩኸቱ መሐል ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ ዘፋኟ ማን ትባላለች ብላ ጠየቀችው።

"ኦዴሳ ታልበርት" አላት። ለባዕድ ሰው ስሟን ሲጠራ ያ የመጀመሪያው ነበር።

"እንዴት ያለች ናት በናትህ! እዚህ አገር መጀመሪያ ያገኛት ያ ማጫወቻው ላይ ያለው ሰውዬ ነው አሉኝ፣ እውነት ነው?"

ኔቪል ወደ ማጫወቻው አየ። ጎርደን ሸክላው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ክንዱን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ማንም እንዲያይ ለቆታል።

"እንደዚያ ይላሉ" አለ፣ የሚስቱን ሹራብ እንዳይወድቅ ወደ ትከሻው እየመለሰ።